ዳሞታ ላይ የነበረ የንስር ጎጆ

ዳሞታን ከሶዶ ሆኖ ለሚያየው ሰው ለማዳ ተራራ ይመስላል። ከስፌት ቤቴ ደጃፍ ቀና ስል እንደ ጎረቤት ጣሪያ ከፊቴ ነው። ሲወጡት ግን ሰው የሚወድ ተራራ አይደለም። ጠዋት ጥርት ብሎ ይጠራችሁና አራት ሰዓት ሳይሞላ ጉሙን ይለቅባችኋል፤ የገዛ እግራችሁን ትፈልጋላችሁ። ጭቃው ጫማ አውልቆ ያስቀራል፤ ሳማው በቀሚስ ስር ይገባል። ምንጩ ላይ ዝንጀሮዎች ቀድመዋችሁ ተቀምጠው፣ ትልቁ ወንድ ጥርሱን እያሳየ ያዛጋባችኋል። ማዛጋቱ አይደለም፤ «ተመለሺ» ማለቱ ነው። ይህን ያወቅኩት ሳልመለስ ቀርቼ አንድ ጊዜ ካባረረኝ በኋላ ነው።

እንደዚያም ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርምና የመዘምራን ልብስ እሰፋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔ ከመርፌ ቀዳዳ አይርቅም። አንድ ጊዜ ዓይኔ ሲያነባ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ነርሷ፣ ዓይንሽን አልፎ አልፎ ሩቅ አሳዪው አለችኝ። ለእኔ ሩቅ ማለት ዳሞታ ነው፤ ወጣሁ። ከዚያ ቦንዳ የሚሸጥ ጎረቤቴ ከኮትና ከሱሪ መሃል የወጣ አሮጌ አቅራቢ መነጽር አሳየኝ። አንዱ ዓይኑ ተጭሯል፤ የሚፈልገውም ሰው አልነበረምና ወሰድኩት። በቃ፣ በዚያው ተያዝኩ።

ትምህርቴን የተውኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ስለ ወፍ የሚያስተምረኝ ሰው ፈልጌ ስላጣሁ፣ ስም የማወጣላቸው ራሴ ነኝ፤ በማውቀው በጨርቅ። ሲቀመጥ አረንጓዴ ሆኖ ሲበር የክንፉ ውስጥ ደም የሚመስለውን «ባለ ገበሩ» አልኩት። ማጅራቱ ላይ ነጭ ጨርቅ የተጣፈበት የሚመስለውን ትልቅ ቁራ «ባለ ጥፉ»። ጉሬዛን ምንም አላልኩትም፤ እሱ ሲፈጠርም ተሰፍቶለት ነው። ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ፦ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሄደ። ቦታውንም ልብስ ከመቁረጤ በፊት እንደማደርገው እስለዋለሁ። ዛፉ እዚህ፣ አጥሩ እዚህ፣ ከመንገዱ ይህን ያህል እርምጃ። ሜትሩን ቤት ትቼው ብወጣም እግሬ ራሱ ይለካል።

ንስሩን ያገኘሁት የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ዝናቡ እንደቆመ ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ትልቅ ዝግባ ነበር፤ ከላይኛው ቅርንጫፉ መሃል አንድ ሸክም እንጨት የተከመረ መሰለኝ። መነጽሬን ሳነሳ ክምሩ ውስጥ ዓይን አለ። ቢጫ ዓይን፤ አናቱ ላይ ቁንጮ፣ ደረቱ ዥንጉርጉር፣ እግሩ እንደ ሕፃን ክንድ የወፈረ። አይቶኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ያየኝ ፍጡር የለም፤ አማቴም ብትሆን። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛው ከገደሉ ስር ጦጣ አንጠልጥሎ ወጣ። የጦጣው ጅራት እንደ ተፈታ መቀነት ሲወዛወዝ አየሁ። ተቀመጥኩና ደብተሬን አወጣሁ።

ችግሩ፣ ዝግባው የቆመው የአንዲት ሴት እንሰት ዳር ነው። ጎጆውን ለማየት ከቤቷ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ማለፍ ግድ ነው። ሴትዮዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ሥራ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል። ያላት እንሰት፣ ጥቂት ድንችና ባቄላ፣ አንዲት ላም ነው። ሳልፍ በወላይትኛ «ሳሮ» ብዬ ሰላም አልኳት። ዝም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ዝም። በእኛ አገር ሰላምታ ከሚነፈግ ድንጋይ ቢወረወር ይሻላል፤ ድንጋይ ቢያንስ ይደርሳል።

በአራተኛው ቅዳሜ ማጭድ ይዛ መንገዱ ላይ ቆመች።

«አንተ» አለችኝ በአማርኛ፣ «ምንድነው የምትጽፈው?»

«አንተ» ማለቷ አላስቀየመኝም፤ አማርኛ በኋላ የለመደ ሰው ሴቱንም ወንዱንም እንዲያ ይላል። ያስቀየመኝ በአማርኛ መናገሯ ነው። እዚያ ላይ አማርኛ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ማኅተም ለያዘ ሰው ነው የሚወጣው። እኔ በወላይትኛ መለስኩላት፤ የገሱባ ልጅ ነኝ፣ ሶዶ ልብስ እሰፋለሁ፣ ወፉን ለማየት ነው የመጣሁት አልኳት። እሷ አማርኛዋን አልለቀቀችም።

«ለወፍ ብሎ ተራራ የሚወጣ ሰው የለም። ወፍ ትበላለህ?»

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። ማጭዱን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና ነገሩን አንድ በአንድ ነገረችኝ። የባሏ ወንድም ከበላይዋ ተዳፋት ላይ የግጦሽ ቦታ ነበረው። መጀመሪያ አንድ ደብተር የያዘ ሰው መጣ፤ እየዞረ አየ፣ ጻፈ፣ ጎመንም ቀርቦለት በላ። ቀጥሎ ቦታው ተከለለ ተባለ፤ ችግኝ ተተከለ፤ የባሏ ወንድም ከብት ከገዛ መሬቱ ተባረረ። ዛሬ ሣር ከሰው እየለመነ ያጭዳል። ስለዚህ ደብተር የያዘ ሰው ከእንሰቷ ጀርባ እንዲቀመጥ አትፈልግም፤ ሴትም ቢሆን፣ የገሱባም ቢሆን።

እኔ ማለላት ጀመርኩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መማል ነውር ነው፤ ሰው ቃሉ አዎን ወይም አይደለም ይሁን ይባላል። እኔ ግን በልጆቼ፣ በዓይኔ ብርሃን፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ይህን ደብተር ከእኔ በቀር ማንም አያየውም ብዬ ማልኩ። ከዚያ በማጭዷ የእበት ክምሩን አሳየችኝ። ከእሱ ኋላ መቀመጥ ትችላለህ ማለቷ ነው።

ወዳጅ ሆንን ብላችሁ እንዳታስቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰቷን እየፋቀች አንድ ሁለት ቃል ትወረውርልኛለች። ባልህ አባርሮህ ነው? ቤትህ የሚጠረግ የለም? ገደሉ ጥልቅ ነው፣ መነጽርህ አያሳይህም? እኔም አላርፍም፤ ባሌ ከአንቺ ምላስ ንስሩ ይሻላታል ብሎ ላከኝ አልኳት አንድ ቀን። ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ግን ሲነቃነቅ አይቻለሁ።

ከእንቁላሉ አንድ ጫጩት ወጣ፤ ጥጥ የመሰለ። አንገቱ መቆም ያቃተው፣ ራሱ ከገላው የከበደው። እናትየዋ ሥጋውን በትንሽ በትንሹ ቦጭቃ ስታጎርሰው እያየሁ ሳለ ሴትዮዋ ከኋላዬ መጣችና እጇን ዘረጋች። መነጽሩን ሰጠኋት። አያያዙን ሳላሳያት አወቀችው፤ ያልተጫረውን ዓይን ነው የመረጠችው። ካየች በኋላ መለሰችልኝ።

ዓይኗ ክፉ ነው አለች። ከዚያ ሳልጠይቃት አወራች። ንስሮቹ ከመምጣታቸው በፊት ባቄላው ሲያፈራ ከንጋት እስከ ምሽት ቆርቆሮ እየመታች ጦጣ ስትጠብቅ ነበር የምትውለው። አንድ ጊዜ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ስትመለስ ግማሹን ማሳ ገልብጠውት ጠበቋት። ዝግባው ላይ ጎጆው ከተሠራ ወዲህ አንድም ጦጣ አጥሯን አልዘለለም። ዶሮ አልፎ አልፎ ይወስዱባታል፤ እሱን ተቀብላዋለች። ወዳጆቿ ግን አይደሉም። የጠላት ጠላት ናቸው።

«አንተም» አለችኝ፣ «ወዳጅ አይደለህም።»

ይህ ሁሉ እየሆነ ጫጩቱ ጥቁር ላባ ማብቀል ጀመረ።

አሁን የማፍርበት ላይ ደረስኩ። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር አንድ ሰው ስፌት ቤቴ ገባ። ከሌላ አገር የመጣ፣ ስለ ደንና ስለ አውሬ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ያለ፣ ንግግሩ ለስላሳ። ሱሪውን እስክጨርስ ሲጠብቅ ጠረጴዛው ላይ የተረሳውን ደብተሬን አነሳና ገለጠ። ልወስድበት እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ቆሞ ማንበብ ጀምሮ ነበር። ቀና ብሎ ይህን ማን ጻፈው አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት።

«እሜቴ፣ ይህ እኮ ጥናት ነው።»

ጥናት። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ጆሮ ውስጥ ይህ ቃል ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የተማረ ሰው አይገባውም። ከንስሩ ጋር ስንት ቅዳሜ እንደቆየሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ ገጾቹን ፎቶ ማንሳት ጀመረ። መሐላዬ ትዝ ያለኝ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አራተኛውን ገጽ የገለጥኩለት እኔ ነኝ። ሥዕሉ ያለበትን። ዝግባው፣ እንሰቱ፣ ቤቷ፣ ከመንገዱ ስንት እርምጃ።

ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ የመዘምራን ልብስ ተደርቦብኝ ሁለት ቅዳሜ ሳልወጣ ቀረሁ። በሦስተኛው ስወጣ ከመንገዱ ዳር ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል አየሁ። ትንሽ እንደሄድኩ ሌላ። ሳላስበው እግሬ ይቆጥራል። ችካሎቹ ሽቅብ ወጥተው፣ የሴትዮዋን አጥር ጥሰው፣ በእንሰቷ መካከል አልፈው ከቤቷ ጀርባ ዞሩ፤ እርሻዋን ከቤቷ ጋር ከውስጥ አስቀርተው። ቁጥሩ ደብተሬ ላይ ያለው ቁጥር ነበር። አንድ እርምጃ እንኳ አልተሳሳቱም።

የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ።

ጎረቤቶቿ ደቦ ወጥተውላት ነበር። አሥር ይሁኑ አሥራ ሁለት፣ ሴትም ወንድም፤ ሁለቱ ዝግባውን ከስር ይቆርጣሉ፣ የቀሩት ዛፉ ወደ ቤቱ እንዳይወድቅ በረጅም ገመድ ወደ ገደሉ ለመሳብ ተሰልፈዋል። እናትየዋ ንስር ከላይ እየዞረች ትጮኻለች። የንስር ጩኸት ያስፈራል ይላሉ፤ የዚያን ቀኑ ግን ልጅ የጠፋባት ሴት ፉጨት ነበር የሚመስለው። ሴትዮዋ አየችኝ። ችካል የተከሉት ሰዎች የመጡት ደብተሬን አይተው እንደሆነ እንደነገሯት ከፊቷ አነበብኩ። ወፉ ካለ መሬቱ ይከለላል፤ ወፉ ከሌለ ምን ሊከልሉ?

ለመጀመሪያ ጊዜ በወላይትኛ አናገረችኝ።

«መጣሽ? ደቦ ላይ የደረሰ ሰው ቆሞ አያይም። ያዢ።»

የገመዱን ጫፍ ወረወረችልኝ። ይህ ለእኔ ተብሎ የተፈለሰፈ ቅጣት አይደለም፤ ሕጉ ነው። ደቦ ላይ የደረሰ መንገደኛ ያግዛል፤ ያላገዘ ሰው በዚያ ሰፈር ደግሞ ውሃ አይለምንም። ሁሉም እያዩኝ ነው። ልለምናት አፌን ከፈትኩ። ጫጩቱ ሊበር ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሺ ልላት። «ሁለት ሳምንት ታግሼ መሬቴን ካጣሁ አንቺ ጋ መጥቼ ልኖር ነው?» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? አፌን ዘጋሁና ገመዱን ያዝኩ። ሳቡ ሲባል ሳብኩ። በደንብ ነው የሳብኩት፤ የስፌት እጅ ጠንካራ ነው።

ዝግባው ሲወድቅ መሬቱ ከስሬ ዘለለ። ጫጩቱ ቅርንጫፍ ስር ነበር፤ ክንፉ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር፣ አንገቱ ተሰብሯል። ሴትዮዋ በእግሩ አንስታ እንሰቱ መሃል ቆፍራ ቀበረችው፣ እበትም ጨመረችበት። ለእንሰት ጥሩ ነው አለች። ለማንም አልነበረም ያለችው።

የደቦ ምግብ ቀረበ፤ ቆጮ በጎመን፣ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር። ለእኔም በእንሰት ቅጠል ቆርሳ አስቀመጠች፤ ሥራ የሠራ ይበላል። እምቢ ማለት ሌላ ስድብ ነው። ጎረስኩ።

በሳምንቱ ሐሙስ መኪና ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆመ። ያ ሰው ነው፤ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር። ጎጆውን ራሴ እንዳሳያቸው ፈለገ። መንገዱን ሁሉ ጨዋ ነበር፤ ሪፖርቱ ላይ ስለ እኔም ይጻፋል አለኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከላይ ጠበቁን። ስንደርስ ዝግባው ተጋድሟል፤ ቅርንጫፎቹ ተመልምለው ለማገዶ ተቆልለዋል። ሊቀ መንበሩ ዛፉ ወደ ቤቱ አዘንብሎ ስለነበር እንዲቆረጥ የፈቀድኩት እኔ ነኝ አሉ፤ ሲናገሩ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት። ሴትዮዋ ደጇ ላይ ቆማለች። ማጭድ አልያዘችም፤ እጆቿ ባዶ መሆናቸው ይበልጥ አስፈራኝ።

ሰውዬው ስልኩን አወጣና የራሴን ጽሕፈት አሳየኝ።

«እዚህ ላይ ንስር ብለሻል። ጎጆው የነበረው በዚህ ዛፍ ላይ ነው?»

ያ ጽሕፈት የእኔ ነው። ስንት ጠዋት ጣቴ በብርድ ደንዝዞ የጻፍኩት፤ በሕይወቴ ማንም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳይከፍለኝ፣ አንድም ስሕተት ሳላስገባ የሠራሁት ነገር እሱ ብቻ ነው። ሴትዮዋን አየኋት። ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም፤ አልለመነችኝምም።

«የቁራ ጎጆ ነው» አልኩ። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ንስርን ከየት አውቄው? ትልቅ ወፍ ሳይ ንስር እላለሁ። መነጽሬም የተጫረ ነው።»

ክርክር ጠብቄ ነበር። ቢከራከረኝ፣ ጦጣውስ፣ ቁንጮውስ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው ቢለኝ ምናልባት አለቅስ ነበር። እሱ ግን ወዲያው አመነኝ። ውሸቴን ለማመን አንዲት ደቂቃ አልፈጀበትም። ወደ ባልደረባው ዞሮ፣ ድሮም የልብስ ሰፊ ደብተር ይዤ መውጣት አልነበረብኝም አለና ሁለቱም ሳቁ። የችካሉ መስመር ከገደሉ በታች ይውረድ ተባለ። ችካሎቹ በዚያው ሰዓት ተነቀሉ፤ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው የመጀመሪያውን ነቀሉት። ምዬ አንድ ጊዜ ዋሸሁ፤ ሳልምል ደግሞ ሌላ ጊዜ።

እነሱ ወደ መኪናው ወረዱ። እኔ በእግሬ እመለሳለሁ ብዬ ቀረሁ። አንድ ቃል የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ምን እንደጠበቅኩ አላውቅም፤ አመሰግናለሁ ሳይሆን አይቀርም። ከባቄላው በኩል ሁለት ጦጣዎች ራሳቸውን ብቅ አደረጉ፤ በሳምንት ውስጥ ሰምተዋል። ቆርቆሮዋን አንስታ መታች፤ አንዱ ሄደ፣ አንዱ ቀረ።

«ለእኔ ብለሽ የዋሸሽ እንዳይመስልሽ» አለችኝ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። «አንቺ ባትመጪ ዛፉም ነበረ፣ መሬቱም ነበረ። በደጄ ደግመሽ አትለፊ።»

በየት ልውረድ አልኳት። በእጇ ሸለቆውን አሳየችኝ፤ ከብት እንኳ የማይወርድበትን። ልለምናት አልፈለግኩም፤ ወረድኩ። ሃያ እርምጃ እንደሄድኩ ጉሙ መጣና ሁሉንም አጠፋው። ሳማው እጄን ለበለበኝ፤ እግሬ የሚረግጠውን አላይም፤ ከስር የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ሩቅ ይሁን ቅርብ መለየት አቃተኝ። ቆምኩ። መንገዱ ሁለት ይሁን አንድ አላውቅም።

ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ ድምፅዋ መጣ። ልክ ከብት እንደሚያባርር ሰው፣ በቁጣ ነበር የምትጮኸው።

«ወደ ግራ! አንቺ ዕውር፣ ወደ ግራ ያዢ! ቀኙ ገደል ነው!»

ወደ ግራ ያዝኩ።